ሦስት ክንድ ደረቅ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ የልብስ ማስጫው የፕላስቲክ ገመድ ተበጥሶ የታጠበው ሁሉ ጭቃ ላይ ወደቀ። የልጅ ልጆቼ ሳቁ። እኔ ግን የተበጠሰውን ጫፍ አንሥቼ አየሁት፤ አንድ የድሮ ፍርሃት መጣብኝ።

ያኔ ጣሊያን መንዝ ገብቷል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ከቀየት ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ገብሱ ሳይታጨድ ቆሟል፤ ከብቱ ወደ ቆላ ተነድቷል፤ ውሾቹ እንኳ መጮህ ትተው ነበር። በግሼ በኩል በየቀኑ ጭስ ይታያል፤ በየቀኑም ትንሽ ይቀርባል። መሸሸጊያችን ከገደሉ ወገብ ላይ ያለ ዋሻ ነው፤ የሚወረደውም በገመድ ብቻ።

ገመዱን እንድገምድ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። ጓሳ ሣር መግመድ ያስተማሩኝ እቴቴ የምላቸው የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በልምጭ ጭምር። ሣሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እስኪለዝብ ይጠበቃል። አንድ ክንድ በተገመደ ቁጥር በእግር ተረግጦ በሁለት እጅ ይሳባል፤ ቀጭ ካለ ይፈታል።

"ይኸ ገመድ ነው የድመት ጅራት?" ይሉኛል፤ ፍቺው ማለታቸው ነው። መዳፌ ከመላጡ የተነሣ ቆሎ እንኳ በጣቶቼ ጫፍ ነበር የማነሣው።

በሦስተኛው ቀን የተነከረው ሣር አለቀ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ጉሙ ወርዷል፤ ከጉሙ ውስጥ ተኩስ ሰማሁ። የቀረውን ሦስት ክንድ በደረቅ ሣር ገመድሁት። አልረገጥሁትም፣ አልሳብሁትም። በእርጥብ እጄ ላዩን አሸት አሸት ሳደርገው ከሌላው አልለይ አለ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ መጡ። "ቀድሜ ልየው፤ ነገ ሕፃናቱ ይወርዳሉ" አሉና ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። "የእኔ ልጅ የገመደችው እንኳን እኔን በሬ ያወርዳል!"

አፋፉ ድረስ ተከተልኋቸው። አንዱን ጫፍ ከቋጥኝ አስረው ሌላውን ወገባቸው ላይ ሲቋጥሩ ጮህሁ።

"አባዬ፣ አይውረዱ!"

"ምን ሆንሽ?"

"ጫፉ ደረቅ ነው። አልነከርሁትም።"

ከኋላችን የመጡት እቴቴ የሚመቱኝ መስሎኝ ጭንቅላቴን ሸሸግሁ። እሳቸው ግን "ስንት ክንድ?" ብቻ አሉ።

"ሦስት።"

"ፍቺው።"

"እቴቴ፣ ቢያግዙኝ? ሊመሽ ነው።"

"የሁለት ሰው እጅ ጥምዝዙ አይገጥምም። እኔ ውሃ አመጣልሻለሁ።"

ፈታሁት። እቴቴ ደረቁን ሣር ሰብስበው ወደ ገደሉ በተኑት፤ ነፋሱ ወሰደው። አዲሱ ሣር እስኪለዝብ ስንጠብቅ ጭሱ ከሰፈራችን ወንዝ ማዶ ተነሣ። ከዚያ መግመድ፣ መርገጥ፣ መሳብ። አንዱ ክንድ ቀጭ አለ፤ እያለቀስሁ ፈታሁት። አባቴ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጊዜ እንኳ "ቶሎ በይ" አላሉኝም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወረዱ። ገመዱ ከቋጥኙ ጋር እየተፋተገ ይንቋቋል። እቴቴ ክንዴን ጨምድደው ይዘዋል። ከታች ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ ሲደረግ ነው የተነፈስነው። በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ወረደ፤ ቤቶቻችን ሲቃጠሉ ሽታው ዋሻው ድረስ መጣ።

ፊደል የቆጠርሁት ከወለድሁ በኋላ ነው። አስተማሪዬ "እትዬ፣ ለአንድ ገጽ ይህን ያህል ጊዜ?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ዛሬም የጻፍሁትን ሁለቴ ሳላነብ አላልፍም። ሰዎች ትጋት ይሉታል፤ እኔ ለፍርሃት እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ያ ደረቅ ሦስት ክንድ የአባቴን ክብደት ይችል ነበር ይሆን? አላውቅም። እስካሁን የሚያሠራኝም ይኸው አለማወቄ ነው።