ሁለት ወልደ ሰንበት

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኮቾሮ የምንለውን ደረቅ ብስኩት በሻይ እያራስን ስንበላ የሻምበሉ መልእክተኛ መጥቶ የጓድ መሪያችንን አሥር አለቃ በቀለን ጠራው። በቀለ ሄዶ ሲመለስ ፊቱን አይተን ነገሩ ገባን። ከአሥር ቀን በኋላ ንጋት ላይ ፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንይዝ ታዘናል። ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን «ጉቶ» እንለው ነበር፤ አናቱ ላይ ከመድፍ የተረፈ አንድ የዛፍ ጉቶ ስለሚታይ። ከእኛ በፊት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ነበር። የሞከሩት ልጆች አስከሬን ከምሽጋችን ሆነን በመነጽር ይታየን ነበር።

የልጅ ልጆቼ አንዳንዴ ስንት ሰው ገደልክ ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም። ብዙ ተኩሻለሁ፤ ጥይቴ የት እንዳረፈ ግን ሄጄ አላየሁም። ስለ ጀግንነትም የሚጠይቅ ሰው ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ እሱም የአንድ ስም ነገር ነው።

እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ አርፏል፤ እናቴ ለሸማኔዎቹ ጥጥ እየፈተለች አሳደገችኝ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ለውትድርና በአፈሳ ተያዝኩ። የያዙኝ አዲሱ ገበያ አውቶብስ ስጠብቅ ነው። በዚያው ቅጽበት ጌታሁን የሚባል የገበያው ተሸካሚ የጤፍ ጆንያ ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ እሱንም ያዙት። «ጆንያውን እንኳ ሳያወርዱለት ነው የጫኑት» እያልን ስንቀልድበት ከሁላችንም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥልጠናም በምሽግም አልተለያየንም። አንድ ብርድ ልብስ ነበር የምንለብሰው።

የጉቶ ትእዛዝ በመጣበት ቀን የእናቴ ደብዳቤም ደረሰኝ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ዊንጌት አካባቢ የምታስተምር ጎረቤታችን ነበረች የምትጽፍላት። እንጦጦ ማርያም ስለ ሰላም ምህላ ተይዟል ይላል ደብዳቤው። የዘማች እናቶች ሁሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ለካህኑ ይሰጣሉ፤ ካህኑም አንድ በአንድ እየጠራ ይጸልይላቸዋል። «አብረውህ ያሉትን የሰው ልጆች ትቼ ያንተን ብቻ ሳስጠራ አፈርኩ። የሁሉንም የክርስትና ስም ላክልኝ» ትላለች።

በእኛ ዘንድ ለጸሎት ሰው በሰፈር ስሙ አይጠራም። በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ቄሱ ያወጣለት ስም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ቤተሰቡና የነፍስ አባቱ ናቸው። እኛም ዓመት ሙሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንተኛ የአንዳችንን የክርስትና ስም አንዳችን አናውቅም ነበር። የሲጋራ ፓኮ ቀድጄ በውስጡ በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ። እየመጡ በጆሮዬ ይነግሩኛል። ቀን ሙሉ ሲሳደብ የሚውለው መትረየስ ተኳሻችን ኃይለ መስቀል ሆኖ ተገኘ። ጀማልም መጥቶ እሱ ያለው ስም አንድ ብቻ ስለሆነ እንዳለ እንድጽፈው ነገረኝ። ጻፍኩት።

መጨረሻ የቀረው ጌታሁን ነበር። ማተቡ አንገቱ ላይ አለ፤ ስሙ ግን የለም። እናቱ ጡት ሳታስጥለው ሞታለች፤ አጎቱ በእህል መኪና ጭኖ አዲስ አበባ አመጣው፤ አጎቱም ሞተ። «መጠመቁንስ ተጠምቄያለሁ፤ ስሙን የሚያውቁት ናቸው ያለቁት» አለኝ። እንደ ልማዱ እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን ከወረቀቱ አልተነሳም። አንጀቴን በላኝ። የእኔ ስም ወልደ ሰንበት ነው፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ነበር። ከግርጌው ደግሜ ወልደ ሰንበት ብዬ ጻፍኩና ይሄ ያንተ ነው፣ ለሁለት ይበቃናል አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን አየና ወረቀቱን ሳመው።

አሥር አለቃ በቀለ ከጎናችን ሆኖ ይሰማ ነበር። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል። «ስም እንደ ኮቾሮ የሚቆረስ መሰለህ?» አለኝ። «በአንድ ስም ሁለት ሰው ሲጠራ መልአኩ የቱን ይጠብቅ?»

ሌሎቹ ሳቁ። በቀለ ግን አልሳቀም። እኔም የሳቅኩ መስዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቃል አልለቅህ አለኝ። ያለኝን መሸፈኛ ግማሹን የሰጠሁ መሰለኝ። አልዋሽም፤ ከግርጌ ያለውን ስም በምራቄ አርሼ ላጠፋው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን አውጥቼ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ውኃ ያመጣው ቦቴ ሊመለስ ሞተር አስነሳ። በፖስታ የሚሄደው ደብዳቤ ሁሉ ስለሚነበብ ዝርዝሩን ለሾፌሩ በእጅ ልሰጠው ሮጥኩ። ሾፌሩ እጁን ሲዘረጋ የሻለቃው ካድሬ ከመኪናው ኋላ ብቅ አለ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ዘረጋው።

የማን ዝርዝር ነው አለኝ። ከጀማል በቀር በሻለቃው ውስጥ በእነዚህ ስሞች የሚጠራ ሰው የለም፤ እሱም ያውቃል። በማጥቃት ዝግጅት ሰሞን የማይታወቁ ሰዎች ስም ዝርዝር በድብቅ ወደ ኋላ ሲላክ መያዝ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው ሲረሸን አይቻለሁ። የክርስትና ስማችን ነው፣ እናቴ ለሰላም ጸሎት ልትሰጠው ነው አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው ሰላም የሚለው ቃል ራሱ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል የታወሰኝ።

ካድሬው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ታች አነበበና ከግርጌ ላይ ቆመ። «ይሄ ስም ተደግሟል» አለኝ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ስህተት ከሆነ ልሰርዘው።»

እኔ ላደርገው ያልደፈርኩትን ሌላ ሰው ሊያደርግልኝ ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዓይኔ እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ካድሬው ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«አይሰረዝ፣ ጓድ ካድሬ» አልኩ። «ሰዎቹ ሁለት ናቸው።»

እስክሪብቶውን መለሰ። ወረቀቱን አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠና «ፍጠን፣ ቦቴው ሊሄድ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ትእዛዙ በመጣ በአሥረኛው ቀን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መድፉ ጀመረ። ለሩብ ሰዓት ያህል ጉቶ በአቧራ ተሸፈነ። ድብደባው ሲቆም ተነሣን። የእኛ ጓድ አባላት አሥራ አንድ ነበርን። ግማሽ ዳገት ድረስ ማንም አልተኮሰብንም፤ ያ ነበር የሚያስፈራው። ከዚያ ከላይ መትረየስ ተከፈተ። ኃይለ መስቀል መጀመሪያ ወደቀ። ወዲያው ሁለት ልጆች ወደቁ። እየተሳብን የመጀመሪያውን ምሽግ ያዝን። በምሽጉ ውስጥ ሦስት የሞቱ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወንበዴ እንድንላቸው ታዘን ነበር። አንደኛው ማተብ አድርጓል፤ ክሩ ከጌታሁን ማተብ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጥይታችን ሊያልቅ ደረሰ። ጥይት ተሸካሚያችን ከኋላችን ሠላሳ እርምጃ ላይ ወድቆ ሣጥኑ ከጎኑ ተቀምጧል። መሬቱ ገላጣ ነው። ከላይ የመልሶ ማጥቃት ዝግጅት ይታየናል። አሥር አለቃ በቀለ በቀሩት ጥይቶች እየተኮሰ እኔንና ጌታሁንን አየ።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ» አለ።

ጌታሁን አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ አገር አይደለም፤ ስለ እናቴም አይደለም። መልአኩ የቱን ይዟል ብዬ ነው ያሰብኩት። ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ ታስሮ ነበር።

ቀና ስል ጌታሁን ወጥቷል። ሲሮጥ የአዲሱ ገበያ ተሸካሚ ነበር፤ አጎንብሶ፣ ፈጣን፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ። ሣጥኑን አነሣና ጀርባው ላይ አደረገው። ግማሽ መንገድ ተመለሰ። ከዚያ ተመታ። ወድቆም ሣጥኑን በሁለት እጁ እየገፋ ተሳበ። ከምሽጉ አፍ አምስት እርምጃ ሲቀረው መሳብ አቃተው። «ሣጥኑን ሳበው» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። በደረቴ ተስቤ ወጥቼ ሣጥኑን ሳብኩት። እሱን ልስብ ስመለስ አልቋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። እኔ ተረፍኩ፤ መልአኩ እኔን ያዘ። ይህን ለማንም ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እፎይታው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየው፤ እፍረቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

በዚያ ጥይት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ቆየን። እኔ ጭኔን የተመታሁት ረዳት ጦር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ጀማል አዝሎ አወረደኝ። ማታ አሥር አለቃ በቀለ ከቃሬዛዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። አሥራ አንድ ወጥተን አራት ወረድን። ካድሬውም በቀኝ ክንፍ በኩል ሞቷል። የክርስትና ስሙን አለመጠየቄ ቆጨኝ። ጉቶን ለሁለት ወር ያዝነው፤ ከዚያ ልቀቁ ተባለ።

ከሆስፒታል ወጥቼ በክራንች ቤት ስደርስ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ነበረች። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣኝ ስሞቹን ከአናት እስከ ግርጌ በቃሏ ጠራችልኝ። እያንዳንዱን ስትጠራ አለ፣ የለም እላለሁ። የጀማልን ስም ለእስላም ጎረቤታችን ሰጥታ በዱዓ እንድታስበው አድርጋ ነበር። በዚያኛው ወገን ላሉትም ስማቸውን ስለማታውቅ «የእናት ልጆች» ብላ ታስጠራ እንደነበር ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ወልደ ሰንበት ጋ ደረሰች። የለም አልኳት። ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ስለ መልአኩ የተባለውን፣ የጫማዬንም ክር ሳልደብቅ ነገርኳት።

እንዝርቷን መልሳ አነሣችና ዝርዝሩ እንደደረሳት ስለነበረው የመጀመሪያ እሑድ ነገረችኝ። ካህኑ ዝርዝሩን ሲያነቡ ከግርጌ ቆም ብለው ይህ ተደግሟል፣ አንዱ ይበቃል ብለዋት ነበር።

«አይ አባ፣ ሰዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ይጥሩልኝ አልኳቸው» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ሲጠሩ ሁለት ጊዜ ነው የሰገድኩት።»

«ታዲያ እማዬ፣ ለምን አንዳችን ብቻ ተረፍን?»

«እሱን አላውቅም ልጄ። የማውቀው ሁለት ጊዜ ማስጠራቴን ነው።»

በሙት ዓመቱ እንጦጦ ማርያም ፍትሐት አስደረግንለት። ሌላ ስም ስላልነበረው ካህኑ ወልደ ሰንበት ብለው ጠሩት። ክራንቼን ተደግፌ ስሜ ከሙታን ጋር ሲጠራ ሰማሁ። የሚያውቁኝ ጎረቤቶች ዘወር ብለው አዩኝ። እኔም እዚያው ቆምኩ፤ እሱን የሚያለቅስለት ሌላ ሰው ስላልነበረ አለቀስኩ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ጦርነቱም አለቀ ሲባል ሌላ እየመጣ እዚህ ደርሰናል፤ ምህላውም ይያዛል፤ እናቶችም ስም ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ጸሎት ጥይት ይመልሳል ብዬ ልከራከራችሁ አልችልም፤ አይመልስም ብዬም አፌን ሞልቼ አልናገርም። ልጆቼን ያዘዝኳቸው ግን አንድ ነገር አለ። የእኔ ቀን ሲደርስ ስሜን ለካህኑ ሁለት ጊዜ ይስጡ። ተደግሟል፣ አንዱ ይበቃል ካሏቸው ሰዎቹ ሁለት ናቸው ይበሉ።