መሬት የማይበላው

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት የተላከች ወጣት ሁለት ከረጢት ይዛ ቤቴ መጣች። በአንደኛው የሚበሰብሰውን፣ በሌላኛው የማይበሰብሰውን እንድጨምር ደጋግማ አስረዳችኝ፤ አሮጊት ናትና አይገባትም ብላ ይሆናል። እስክትጨርስ ሰማኋት። እኔ ቆሻሻ መለየት የተማርኩት እዚሁ ሆሳዕና፣ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያስተማረችኝ እትዬ ኤርጎጌ ትባላለች።

አባቴ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ የእትዬ ኤርጎጌ ባል ደግሞ የእሱ ገባር። ስለዚህ እሷ በየማለዳው እየመጣች በረታችንንና ግቢያችንን ትጠርግ ነበር። እኛ ቤት ቆሻሻ ሁሉ አንድ ነው፤ ተጠርጎ ከአጥር ኋላ ይጣላል። እሷ ግን ቁጭ ብላ በእጇ ትለየዋለች። እበቱና የጎመኑ ግንድ መሬት የሚበላው ነው፤ በቅርጫት አድርጋ ለእንሰቷ ትወስደዋለች። ጭራሮውና ደረቁ ቅጠል እሳት የሚበላው ነው። ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ ማንም የማይበላው ነው፤ ለእሱ ከብሳናው ሥር ጉድጓድ ቆፍራለች። እበቱን እንሰቱ ሥር የምትበትነው በባዶ እጇ ስለነበር በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እኔም በማለዳ ሥራ ስለማይሰጠኝ አብሬያት እለያለሁ፤ ስንጨርስ ከያዘችው ቆጮ ቆርሳ በአይብ ታበላኛለች። እናቴ ይህን ብታይ ታብድ ነበር።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ አባቴ ለእንግዳ ብቻ ከሚያወጣቸው ብርሌዎች አንዱን ሳጥብ አምልጦኝ ተሰበረ። ወዲያው የአባቴ በቅሎ ኮቴ ከደጅ ተሰማ። ስባሪውን በቀሚሴ አፈስኩና በረቱ በር ላይ ለማግስቱ ተለይቶ በተቀመጠው የእበት ቅርጫት ውስጥ ቀበርኩት። ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ ብርድ ልብሴ ሞቆኝ ተኛሁ። ስነቃ ቅርጫቱ ተወስዷል።

እበቱን ስትበትን ስባሪው ቀኝ መዳፏን ከዳር እስከ ዳር ቆረጣት። በቃጫ አስረው፣ ቅጠል ጨምቀው ደሙን አቆሙላት። ቁስሉ ደረቀ፤ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። በእንሰት አገር ቆጮ የሚወጣበትን መፋቂያ መያዝ የማትችል ሴት ምን እንደምትሆን ለዚህ አገር ሰው አልነግርም። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጇ በእሷ ቦታ መፋቅ ጀመረች። እናትየዋ ወደ ፎንቆ ገበያ ቅቤ ይዛ መሄዷም ቀረ።

አባቴ ብርሌው መጉደሉን ሲያይ እንግዳ ወስዶት ነው አለ፤ ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ከወር በኋላ እትዬ ኤርጎጌ ተመልሳ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ያን ቅርጫት የለየችው እሷው ራሷ ስለነበረች ማንንም አልጠረጠረችም።

«ዓይኔ ነው ያጠፋው» አለችኝ። «ደክሟል፣ አላየም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ደህና ነው። ከዛሬ ወዲያ አንቺ ለዪልኝ።»

እሺ አልኳት።

አራት ዓመት ለየሁላት። እያንዳንዱን እፍኝ በጣቶቼ እየበተንኩ አየሁ። በየማለዳው እነግራታለሁ እላለሁ፤ ቅርጫቱ ይሞላል፣ ቆጮውን እንበላለን፣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን እጇን ማየት ይከብደኝ ነበር። ቆይቶ እሱም ተወኝ።

ወደ ዳምቦያ ተድሬ ልሄድ ስል ልትሰናበተኝ መጣች። ያን የማይታጠፍ እጇን ራሴ ላይ ጭና መረቀችኝ።

«አንቺ ስትለዪ ማንም አልተቆረጠም» አለችኝ።

ሳልነግራት ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሆሳዕና ስመለስ አፈር ሆና ጠበቀችኝ።

አባቴን ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ራሴን አታልያለሁ። አባቴ ቢገርፈኝ ኖሮ በሳምንቱ ይረሳው ነበር። የፈራሁት እሷን ነው፤ ካወቀች አጠገቧ አታስቀምጠኝም ብዬ። አጠገቧ ለመቀመጥ ስል ዓይኗን እንደከሰሰች እንድትሞት ተውኳት። ይህን ስጽፍ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። አላለቀስኩም።