ለመንኮራኩሯ የተደረገው ዱዓ

ዛሬ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ለአንዲት የጠፈር መንኮራኩር «አሚን!» አለላት።

እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ስንሄድ ነው። ሁለታችንም ስለምንወደው ተከታታይ የጠፈር ፊልም፣ ደካማው ክፍል የቱ ነው ብለን ጦፈን ስንከራከር መኪናችን ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች።

ሰይድ ግን ክርክሩን ሳያቋርጥ፣ ደካማው የመጨረሻው ክፍል ነው አለ።

«የለም! መንኮራኩሯ ተበላሽታ ዝም ብለው ቁጭ የሚሉበት ነው! ምንም አይፈጠርም እኮ!» አልኩ። (ይህን የምለው የቆመ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።)

ከፊታችን የነበሩት የቁርኣን አስተማሪ፣ ሸህ ሙሄ፣ ዞር አሉ። «ሰዎቹስ ምን ሆኑ?»

«እዚያ ክፍል ላይ አይታወቅም፣ ሸህዬ።»

«ወይ ጉድ! እንዲያ ሆነው ትታችኋቸው ነው የምትጨቃጨቁት?» መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ እነሱንም ለአገራቸው ያብቃቸው፣ እኛንም አቀስታ ያግባን!»

«አሚን!» አለ መኪናው ሙሉ፤ የአንዲት ማተብ ያሰሩ እናት ድምፅ ከሁሉም በለጠ።

ሰይድ አላስችል አለው። «ሸህዬ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኛ ግን ፊልም አይደለንም።»

ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ተነሳ። በእልልታ ሄድን።

ክፍሉ ደካማ ነው፣ አልተሸነፍኩም! ግን ደግሜ ላየው ነው።

እናንተስ፣ «ምንም አይፈጠርበትም» ብላችሁ የናቃችሁት ክፍል ውስጥ ራሳችሁን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? አብሯችሁ ማን ነበር?