የደበዘዘው ወለንሱ

ሠርከአዲስ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የሰው ሠርግና የሰው ምርቃት ስታሳምር ወጣትነቷን ጨረሰች። ካሜራ አትይዝም፤ ካሜራው የቦሩ ነው። ቦሩ የሪራ ልጅ ነው። «ማር ሊሸጥ መጥቶ ካሜራ ገዝቶ ቀረ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ያነሳል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክላለች። ፎቶ ቤቷን በጋራ ስለከፈቷት ባልና ሚስት የሚመስሏቸው ብዙ ነበሩ። እሱ ግን «ኦቦሌቲ» ነበር የሚላት፣ እህቴ እንደማለት።

ከሠርጉና ከምርቃቱ ይልቅ የሁለቱም ልብ ያለው አበባ ላይ ነበር። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ የሚያብብ ዛፍ አለ። የሠርከአዲስ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆርች ይሉት ነበር፤ ቦሩ ወለንሱ ይለዋል። ይህ አበባ ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። ቀይነቱ ይበዛና መስመሩም እጥፋቱም ይጠፋል፤ ቀለም የተደፋበት ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ ቦሩ የሚያነሳው ሮው በሚሉት፣ ካሜራው ራሱ ምንም ሳያሳምር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል ነበር። ሠርከአዲስ ጥሬውን ትከፍትና ቀዩን ትንሽ ታወርደዋለች፣ ትንሽ ታጠቁረዋለች፣ ወደ ብርቱካን የሸሸውን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ያን ጊዜ ተሸፍነው የነበሩት የአበባው ጣቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

«ቀይ ልጓም ይፈልጋል» ትለው ነበር ቦሩን። «ዝም ካልከው ይዞህ ይጋልባል።»

በዚህ መሀል ሳል ያዛት። መጀመሪያ የሮቤ ብርድ ነው ተባለ። ሳሉ ግን አልለቅ አለ፣ ሰውነቷም እያለቀ ሄደ፤ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ተመርምራ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። እናቷ ወይዘሮ እኅተማርያም አልቅሰው አልቅሰው ሲወጣላቸው፣ «ለሰው እንዳትናገሪ» አሏት። ለቦሩ ብቻ ነገረችው። ሕክምናዋን የምትከታተለው ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሲስተር ጸሎት የምትባል ነርስ ነበረች። ሠርከአዲስ ጥቂት ሳምንት ቤት ከዋለች በኋላ ሥራ መግባት ትችያለሽ ስትባል አፏን ሸፍና ወደ ፎቶ ቤቷ ተመለሰች። ቦሩ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተና ወንበሩን ከወንበሯ አጠገብ እንደ ድሮው አስቀመጠ።

ጎባ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አቶ መሸሻ የባሌን አበቦች የያዘ የቀን መቁጠሪያ ያዘዟቸው በዚያው ሰሞን ነው። ሽፋኑ ወለንሱ እንዲሆን ፈለጉ። ቦሩ ከጎባ በታች ያሉትን አጥሮች ሲዞር ሰንብቶ ያነሳውን አመጣ። ሠርከአዲስ ከፈተችው፤ ፊቷም ጠቆረ።

«ምን ሆነህ ነው? ጭጋግ ውስጥ ነው ያነሳኸው?»

«ፀሐይ ነበር እኮ፣ ኦቦሌቲ።»

«ምን ፀሐይ! ይሄ የደረቀ ደም ነው የሚመስለው። ካሜራህን ለባለሙያ አሳየው።»

ቀዩን ከፍ አደረገችው። አልበቃትም፤ ጨመረች። አሁንም ቡናማ ሆኖ ታያት፤ እንደገና ጨመረች። ቦሩ ከጀርባዋ ቆሞ ያያል። በእሱ ዓይን ስክሪኑ ነድዷል፤ አበባው አበባነቱን ትቶ የእሳት ክምር ሆኗል። ከንፈሩን ነከሰና ዝም አለ። እሷም ዝምታውን እፍረት አድርጋ ወሰደችው።

ሥራው አዲስ አበባ ሄዶ ታተመ። አንድ ቀን ከሰዓት አቶ መሸሻ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ እኔ አበባ ነው ያዘዝኩት» አሉ። «ይሄ እኮ የታረደ በሬ ነው።»

ሠርከአዲስ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም ጉድለት አልታያትም። እንዲያውም ደህና ነው።

«ጋሼ፣ ምኑ ነው የከፋዎት? ለእኔ እንዲያውም አሁንም ደብዝዞብኛል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ቦሩን አዩት። ቦሩ መሬት መሬት አየ። የሁለቱ ሁኔታ አንጀቷን አቃጠላት።

«ጥሬው ነው የተበላሸው!» ብላ ጮኸች። «እኔ ታምሜ ከሞት ጋር ስታገል እሱ እንደ ነገሩ አንስቶ አመጣልኝ! ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ጋሼ፣ እሱን ይጠይቁት!»

ጩኸቱ ወደ ሳል ተለወጠ። ቦሩ ሳሏ እስኪበርድ ጠበቀ። ውሃ ቀዳላት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፣ ከዚያ የካሜራ ቦርሳውን ከሚስማሩ አወረደ።

«ቶሌ» አለ፣ እሺ ለማለት። ወጣ፤ በማግስቱም አልመጣም።

ሳምንት ሳይሞላ እናቷ በረንዳ ላይ የነጠላ ጥለት እየጠለፉ፣ «እስቲ ቀዩን ክር አቀብዪኝ» አሏት። አቀበለቻቸው።

«ቀዩን አልኩሽ እኮ።»

«ይኸው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ እኅተማርያም የምትቀልድ መስሏቸው ሳቅ አሉ። ከዚያ ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። ያቀበለቻቸው ደማቅ አረንጓዴ ክር ነበር። ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አድርገው አሳዩዋት። ሠርከአዲስ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሁለቱም አፈር ናቸው። እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ክሩ አይደለም የታሰባት፤ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ ያየችው የቦሩ ጀርባ ነው።

ሲስተር ጸሎት ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። ዓይኗን ከመረመረችና የኩላሊቷን ውጤት ካየች በኋላ ከመድኃኒቶቹ አንዱን ወዲያው አስቆመችው።

«ኩላሊትሽ ደከም ብሏል፤ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ዓይንሽን ነክቶታል። ቀለም ከተለወጠብሽ ቶሎ ንገሪኝ አላልኩሽም ነበር?»

«ብለሽኛል» አለች ሠርከአዲስ። «የተለወጠው ፎቶው መስሎኝ ነው።»

«ይመለሳል ወይ?» ብላ ስትጠይቃት ነርሷ ካርዷ ላይ እየጻፈች መለሰችላት። የብዙ ሰው ይመለሳል፣ የአንዳንዱ ግን ሙሉ አይሆንም፣ ጊዜ ይፈልጋል አለቻት።

ከጤና ጣቢያው ወጥታ ቦሩ ሄዷል ወደተባለበት ወደ ጎባ በቀጥታ ታክሲ ያዘች። ቦሩን ከተከራየው ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲያጥብ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው። ከዚያ መንገዱን ሙሉ ስታብሰለስለው የመጣችውን ጠየቀችው።

«እያየህ ለምን ዝም አልከኝ?»

ቦሩ ጫማውን አስቀመጠ። «ታመሽ ነበር። ደግሞ ቀይ ያንቺ ነው። እኔ ማን ነኝና አንቺን ቀይ አስተምራለሁ?»

«ብትነግረኝ እኮ ቶሎ ጤና ጣቢያ እሄድ ነበር። ዓይኔም ይተርፍ ነበር።»

ይህን ያለችው ልትወቅሰው አልነበረም፤ ከአፏ አመለጣት። የቦሩ ዓይን ግን እንባ ሞላ። አጎንብሶ ውሃውን ደፋ። ወደ ሮቤ ይመለስ እንደሆነ ስትጠይቀው ጎባ ካለ ሌላ ፎቶ ቤት ጋር ቃል እንደገባ ነገራት። እውነት ይሁን፣ ፊቷን ማየት ከብዶት ይሁን አላወቀችም። እስከ መናኸሪያው ሸኛት።

ሳንባዋ ዳነ። ዓይኗም ከቀን ወደ ቀን መለስ እያለ መጣ፤ ግን አቧራ በጠገበ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ አላለፈም። አረንጓዴና ቀይ ክር ዛሬ ትለያለች። ቀይ ከቀይ ግን አትለይም። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣውን ሰው ራሷ ታነሳለች። ለሐዘን ቤት የሚሆኑ የሟች ፎቶዎችንም አሳድጋ ታትማለች፤ እነሱን ሰው የሚወድላት ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ ነው።

የአቶ መሸሻን የቀን መቁጠሪያ ቦሩ ካነሳው ከዚያው ጥሬ ምስል አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ሠራው። በመስከረም አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየችው። ተነሥታ ተጠጋች። የቅርንጫፉን እሾህ፣ ከኋላ ያለውን የገብስ ማሳ ለየች። አበባው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ያኛው ሰው አሳምሮት ይሁን አበላሽቶት መለየት አቃታት።

«ያምራል አይደል?» አለች ከጎኗ የቆመች ሴት።

«ያምራል» አለች ሠርከአዲስ፤ ሌላ ምን ትበል። ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ሄደች።