የከሰዓቱ ፊርማ

የሲስተር ኦቲሊያን ፊርማ ከራሷ ይልቅ እኔ አሳምሬ እፈርመዋለሁ። እሷ ስትፈርም ትጣደፋለች፤ ጭራው ይቆረጥባታል። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት ተለማምጄዋለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ምኑ ያኮራል? የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ራሴው ልናገረው ብዬ ነው።

ሁለታችንም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ነን። እዚህ ዚምባብዌ፣ ከማስቪንጎ ከተማ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ሲኬድ ባለ ወረዳ ሆስፒታል፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችን። ለመላው ወረዳ እኔና እሷ ብቻ ነን። ፈቃዳችን በየዓመቱ ሲታደስ የነርሶች ምክር ቤት የስልጠና ነጥብ ይጠይቃል። ነጥብ የሚገኘው ደግሞ ከተማ ወርዶ፣ አዳራሽ ተቀምጦ፣ አቴንዳንስ ላይ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ በመፈረም ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ሁለታችንም እዚያ ከዋልን ክፍሉን ማን ይከፍታል? ስለዚህ አንዷ ጠዋት ፈርማ ከሻይ በኋላ ሹልክ ትላለች፤ የቀረችው የከሰዓቱን ለሁለት ትፈርማለች። የሌላ ወረዳ ነርሶችም እንደዚሁ ነበሩ። ወረቀቱ ሞልቶ ከተመለሰ ማንም ቀና ብሎ አያይም።

ሹልክ የምትለው ሁልጊዜ ኦቲሊያ ነበረች። ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። በሽተኛ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል ብላ ስታስብ ወንበሩ ይቆረቁራታል። ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ማይ ፓና፣ አደራሽን» ትለኝና ትወጣለች። እኔን በልጄ ስም የፓና እናት፣ ማይ ፓና ነው የሚሉኝ፤ እሷን ደግሞ ማይ ራንጋ።

ቡላዋዮ ተምራ ወደዚህ ስትመደብ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ለሥራ ጆሃንስበርግ ተሻግሮ፣ ታሞ ተመልሶ፣ እጇ ላይ ሞተ። ራንጋን ብቻዋን አሳደገች፤ እሱም ዛሬ እንግሊዝ አገር የሰው ሽማግሌ ያጥባል። ስለ ራሷ ብትጠይቋት ከዚህ በላይ አታወጡም። በሽተኛ ፊት ግን ሌላ ሰው ናት። ድምፅ የሚሰማውን ሰው «እህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አሉህ?» ትለዋለች፣ ስለ አማቶቹ እንደምትጠይቀው። ሰውየው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ መድኃኒቱን ይውጣል።

አንድ የራሷ አሠራር ነበራት። እኛ ዘንድ በሽተኛ የተማሪ ደብተር ገዝቶ ይመጣል፤ እዚያ ላይ እንጽፍለታለን፤ ይዞት ይሄዳል። የመሞት ሐሳብ ያለበት ሰው ሲመጣ ኦቲሊያ ደብተሩን ወደ መጨረሻው ገጽ ትገልጠውና በገዛ እጁ ታስጽፈዋለች። «እስከ ቀጠሮዬ ቀን ድረስ ራሴን እንዳልጎዳ ለሲስተር ኦቲሊያ ቃል ሰጥቻለሁ።» እሱ ይፈርማል፤ እሷም ትፈርማለች። ከዚያ እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ ትሸኘዋለች። ይህን የተማረችው ቡላዋዮ ከነበሩ አሮጊት አስተማሪዋ ነው። የእኛ ሰው ቃሉን አይበላም ትላለች፤ እኔም አምን ነበር። ብዙዎቹም በቀጠሯቸው ቀን መጥተዋል።

ጌርሾም ግን አልመጣም። ጌርሾም የመስኮት ፍሬም የሚበይድ ሰው ነበር፤ ዝምተኛ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ከሄደች በኋላ እኛ «ብዙ ማሰብ» የምንለው በሽታ ያዘው። የዛሬ ስምንት ዓመት ነሐሴ ወር ላይ መጣ፣ ቃሉን ጻፈ፣ ፈረመ። ቀጠሮው ለሐሙስ ነበር። ረቡዕ ሞተ።

ሁላችንም የምትችይውን አድርገሻል አልናት። እሷ ግን ከሐዘኗ በላይ ተቀየመችው። ሰው በሞተ ሰው ይቀየማል? ኦቲሊያ ተቀየመች። መርፌ እያዘጋጀች፣ መንገድ እየሄድን፣ የበቆሎ ገንፏችንን ሳዛን እየበላን፣ ድንገት ታነሣዋለች። «ለምን ወደ እኔ አልመጣም? ቃሉን ሰጥቶኝ የለም እንዴ?» ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህች ጥያቄ አልወጣችም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የስልጠናው ነገር ጠበቀ። ከሰዓት ስም እየተጠራ ነው ተባለ፤ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በራችን ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈን ሁለታችንም ወረድን። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ዝናብ እንደሆነ እንቢ ብሏል። አሰልጣኟ ዶክተር ማቴንጋ የምትባል፣ ልጃችን ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ከምሳ በኋላ ራሱን ለማጥፋት ስለሚያስብ ሰው ማስተማር ጀመረች። በቀጥታ ጠይቁት አለች፤ ስለጠየቃችሁት ሐሳቡን አትሰጡትም። ከዚያ ቃል ስለ ማስገባት አነሣች። ይህ የቀረ ነገር ነው፤ እንደሚያድን አንድም ማስረጃ አልተገኘለትም አለች። ቃል የሚያረጋጋው ነርሷን ነው፤ በሽተኛውማ ሐሳቡ ሲመለስበት ያፍራል፣ ከነርሷ ይደበቃል።

ኦቲሊያ እጇን አነሣች። ድምፅዋ አዳራሹን አልሞላውም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረው?»

«ኧረ ቆይቷል፣ ሲስተር» አለች ልጅቱ፣ በትሕትና። «እዚሁ አዳራሽ እንኳን የዛሬ ስምንት ዓመት ተሰጥቷል።»

ኦቲሊያ ተቀመጠች። እኔ ወደ እሷ አልዞርኩም። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ደብተሩን ተቀብላ የኋላውን ገጽ ታያለች። ቃሉ ካለ በመስመር ትሰርዘውና ከሥሩ ትጽፋለች፤ «ሐሳቡ ከተመለሰ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በማንኛውም ቀን ና።» አንዱ ሽማግሌ ቃሌን ልትመልሽልኝ ነው ወይ ብሎ ቀለደባት። አዎ፣ እየመለስኩልህ ነው አለችው፤ አልሳቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰርተፍኬቶቿን የምታኖርበትን የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አንዱን ወረቀት አወጣች። መጋቢት፣ ጌርሾም ከመሞቱ አምስት ወር በፊት። ስሟ በትልቁ ተጽፏል፣ ነጥቡ ተሞልቷል። ከኋላው የቀኑ መርሐ ግብር ተያይዟል፤ ከሰዓት፣ ከምሳ ቀጥሎ፣ «ቃል ማስገባት ለምን ቀረ?» ይላል። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

«ተገኝቻለሁ ይላል» አለች።

እኔ ስልኬን እንደሚፈልግ ሰው ቦርሳዬን እበረብራለሁ። ያን ከሰዓት ተኝቼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተኛሁም። ሰምቻለሁ። ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ጽፌም ነበር። ግን ሞቆኛል፣ ጠግቤያለሁ፤ ይህ የውጭ አገር ሰው ነገር ነው፣ የእኛ ሰው ቃል ያከብራል አልኩና ገጹን ገለበጥኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ኦቲሊያ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የጌርሾም እናት ዘንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ወደ እኔ ሊመጣ አስቦ እንደነበር እጠይቃታለሁ አለች። የቆየ ቁስል ለምን ትነካኪያለሽ ብዬ ለመንኳት። አልሰማችኝም። ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ሄድኩ፤ በጎነት እንዳይመስላችሁ፣ ምን እንደምትናገር ፈርቼ ነው።

ከሚኒባሱ ወርደን ብዙ ተጓዝን። ማይ ጌርሾም ስታየን ሥራዋን ጥላ ተነሣች። ተንበርክከን እጃችንን ጎድጎድ አድርገን እያጨበጨብን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ምንጣፍ አነጠፈችልን፤ በጣሳ ማሄው ቀዳችልን፣ ከበቆሎ ገንፎ የሚጠመቀውን። ስለ ዝናቡ ተጫወትን። ከዚያ ኦቲሊያ ጣሳውን መሬት አኖረች።

«እማማ፣ በቀጥታ ልጠይቅዎት ነው። ጌርሾም ከመሞቱ በፊት ወደ እኔ ሊመጣ አስቦ ነበር?»

አሮጊቷ ተነሥታ ቤት ገባች። ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ይዛለች። መጨረሻውን ገጽ ገለጠችልን። የጌርሾም ጽሑፍ ተጠንቅቆ የተጻፈ ነበር። ከሥሩ የኦቲሊያ ፊርማ አለ፣ የእውነተኛዋ፣ ጭራው የተቆረጠው።

«ማክሰኞ ለብሶ ነበር» አለች። «ጫማውን ሁሉ ጠርጎ። እዚያ አጥሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ምነው ልጄ ብለው፣ እማ፣ ቃሌን ሰጥቻታለሁ፣ ሐሳቡ ተመልሶብኛል ብዬ በምን ፊቴ አያታለሁ አለኝ። እኔም እውነትህን ነው፣ ሴትየዋን አታሳፍራት፣ ሐሙስን ጠብቅ አልኩት። አጥፍቼ ይሆን፣ ሲስተር?»

ኦቲሊያ ሁለቱንም የአሮጊቷን እጆች ያዘች፤ በሽተኛ ስትሸኝ እንደምትይዘው። እርስዎ ምንም አላጠፉም አለቻት። ያንን ገጽ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስጻፍ እንደሌለብኝ የተነገረበት ቀን ነበር፤ ወረቀቱ ነበርሽ ይላል፤ እኔ ግን አልነበርኩም። ይህን ሁሉ በዝግታ አስረዳቻት፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ አቴንዳንሱ፣ ከሻይ በኋላ ስለ መውጣቷ። ማን እንደፈረመላት ግን አልተናገረችም። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ይኼኔ ነበር አፌን መክፈት። ማሄዬን ጠጣሁ።

ማይ ጌርሾም ደብተሩን መልሳ ጠቀለለችው። «እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ መቃብሩ ላይ ስወቅሰው ኖርኩ» አለች። «ምነው ቃልህን ብትጠብቅ እያልኩ።» አልረገመችንም፤ ብትረግመን ይሻል ነበር። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችን፣ እሱ ደርሶ እስከ ተመለሰበት ድረስ፣ ከዚያም ዞራ ገባች።

ሚኒባስ እስኪመጣ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ አልን። ኦቲሊያ አላለቀሰችም። በታኅሣሥ ፈቃዴን አላሳድስም አለችኝ፤ ነጥቡ ሞልቶላት ነበር፣ ከእኔም ይበልጣል። እኔ አሳደስኩ። ዛሬ ክፍሉን የምከፍተው ብቻዬን ነው፤ ስልጠና ስሄድም እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ፣ የሚባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። የምነግረው ሰው ግን የለኝም። እዚያ ዛፍ ሥር የተናገረችኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«የዚያን ስልጠና ማግስት ጠይቄሽ ነበር» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ከምሳው በሶፍት ጠቅልለሽ የዶሮ ጭን አመጣሽልኝ። ከሰዓት ምን አስተማሩ አልኩሽ።»

ታስታውሰዋለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

«ያው የተለመደው ነው፣ ዶሮው ግን ጥሩ ነበር አልሽኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ቁጣ የላትም፣ እንደ ደከመው ሰው ነው የምትናገረው። «ማይ ፓና፣ ዶሮው እውነት ጥሩ ነበር?»

ጥሩ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጥሩ ነበር።