በማጭድ የተከፋፈለው መጽሐፍ

ሰሞኑን ገንዳ ውሃ ባለው ቢሯችን ወጣቶቹ ሠራተኞች ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈው፣ ሁላችንም የምንወደውን መጽሐፍ እንድንጽፍበት አዘዙን። «ጋሼ፣ እርስዎስ የትኛውን አንብቡ ይሉናል?» አለችኝ አንዷ እስክሪብቶዋን እየዘረጋችልኝ። «ወዲያ በይልኝ!» አልኳት። ደነገጠች። ልጅቷ ምን አጠፋች? የእኔ ንዴት በሃያ ሁለት ዓመቴ የተነሳ፣ እስካሁንም ያልበረደ ንዴት ነው።

ያኔ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ አጨዳ ገብቼ ነበር። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከንጋት ጀምረን እናጭድና፣ ፀሐዩ አናት ሊበሳ ሲደርስ ዳስ ሥር ገብተን የማሽላ እንጀራ በደረቅ ባሚያ ወጥ እንበላለን። ከዚያ ወሬ ነው። ማንበብ የምንችለው አምስት ነበርን፤ ሁሉም ያነበበውን ያወድሳል። የእኔን የሚያህል ግን አልነበረም። ልጇን ትታ ከቤቷ ስለጠፋች ሴት የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ሟች እህቴ ናት የሰጠችኝ፤ በየገጹ ዳር ያሰበችውን በእርሳስ ጽፋበታለች። ከእሷ የቀረኝ ያ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ አፌ አላርፍ ብሎ፣ «ይህን ሳታነቡ እንዳትሞቱ!» እያልኩ ስንት ቀን አስጎመጀኋቸው።

ወባ ጥሎኝ ገንዳ ውሃ ልታከም ስሄድ መጽሐፉን ከአምስታችን አንዱ ለሆነው ለደሴ ሰጠሁት። ደሴ የጎጃም ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ለሥራ የፈጠነ። በአራተኛው ቀን ስመለስ፣ ዳሱ ሥር ሦስት ሰዎች ሦስት ቁራጭ መጽሐፍ ይዘው ያነባሉ።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ወንድምዓለም!» አለኝ ደሴ ፊቱ በርቶ። «አጨዳው ሊያልቅ ነው፤ ሰው መበተኑ ነው። ለሁሉም እንዲደርስ ብዬ አራት ቦታ ከፋፈልኩት። ዳር ዳሩን በጆንያ መርፌ ሰፍቼዋለሁ፤ አንድ ቅጠል አልጠፋም።»

በማጭድ ነው የቆረጠው። የእህቴን መጽሐፍ! ደሜ ፈላ። «ደደብ! አንተን ብሎ አንባቢ!» አልኩት። እናቱንም ሳይቀር ሰደብኩ። የመጨረሻው ክፍል የታለ ብል፣ አራተኛው ሰው ይዞት አብርሃ ጅራ ወዳለ ሌላ እርሻ ሄዷል። «ሳታመጣው ዓይንህን እንዳላይ!» ብዬ ጮኽኩበት።

ደሴ በዚያ የአጨዳ ጥድፊያ ሥራውን ጥሎ ሄደ። በአምስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ ከጭነት መኪና ላይ ወረደ። ቁራጩን በላስቲክ ጠቅልሎታል።

«ሳላስፈቅድህ መንካቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ» አለ። ወደ አገሩ ሊሄድ ዕቃውን ሸክፎ ከተነሳ በኋላ ግን ቆም አለ። «እንደው... መጨረሻውን አላየሁትም። ዳግመኛ መንካቱን ፈራሁ። ሴትዮዋ ወደ ልጇ ትመለሳለች?»

ነገርኩት? አልነገርኩትም። «ገዝተህ አንብብ!» አልኩት። ገዝተህ! በዚያ በረሃ፣ ከየትኛው ሱቅ? መንገዱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ ሰው ስለ መጽሐፍ ሲያወራ የምበግነው በደሴ አይደለም፤ በዚያ ጥጋበኛ ጎረምሳ፣ በራሴ ነው። አንብቡ ብዬ ሰውን እንዳላስጎመጀሁ፣ አምኖኝ ያነበበውን ሰው አዋረድኩ። እህቴ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር። «ትመለሳለች» ብሎ መመለስ ስንት ትንፋሽ ይፈጅብኝ ኖሯል?