አጎቴን ጭነን ከለቡ ወንዝ ማዶ

ከጎፋ የተነሳነው የአጎቴን የጋሽ ቱሉን አስከሬን ወደ ቤቱ ለማድረስ ነበር። ያረፈው እኔ ዘንድ ሆኖ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ነው፤ ቤቱ ግን ከለቡ ጀርባ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰው ከገዛ ደጁ ወጥቶ ይቀበራል እንጂ ከሰው ቤት አይወጣም፤ ቀብሩም ለዘጠኝ ሰዓት ተነግሯል። የአስከሬን መኪናው ሹፌር መንገዱን ሲሰማ «እኔ ወንዝ አልገባም» ብሎ ቁርጡን ነገረን። ስለዚህ ጓደኛዬ በላይ ባለ ፎር ዊል መኪናውን አመጣ። መኪናው ግዙፍ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ግን ሙሽራ ነው ያመላለሰው።

ሀይሌ ጋርመንት

የጋሽ ቱሉ ባለቤት እትዬ ጫልቱ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ሳጥኑን አቅፌ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ አንድ የታክሲ ሹፌር ሳጥኑን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀና መንገድ ለቀቀልን። የከተማው ሰው እንዲህ ነው፤ ጨዋነቱ አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ወንዙ ዳር ታያላችሁ።

ከለቡ በኋላ

አዳዲሶቹ ሕንጻዎች ሲያልቁ አስፋልቱም አለቀ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ያቦካው ጥቁር ጭቃ ነው። ወንዙ ዳር ስንደርስ አራት የኮንክሪት ምሰሶዎች ውሃው ውስጥ ቆመዋል፤ በአናታቸው የዛገ ብረት ወጥቶባቸዋል። ይሄ ድልድይ ነው አሉ። ሥራው ሲጀመር ለመዳረሻ መንገዱ መሬት ተፈልጎ፣ ጋሽ ቱሉ የገብስ ማሳውን ጫፍ ቆርሶ ሰጠ። «ካሳ አልፈልግም፣ ድልድዩን ብቻ ሥሩልኝ» ነው ያለው። ያን ጊዜ ጭብጨባው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ለምን ቢባል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ይጠቁማል። ክረምት በመጣ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ወንዙ

በላይ «ይቺማ ምን አላት» ብሎ ገባ። መሃል ላይ መኪናው ተንገዳግዶ ቆመ። ነዳጁን በረገጠው ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ ይሰምጣሉ።

«ተው እንጂ በላይ፣ እየቀበርከን እኮ ነው!» አልኩት።

ውሃው በበሩ ሥር መግባት ጀመረ። የሳጥኑን አንድ ጫፍ ጭኔ ላይ አነሳሁ። እትዬ ጫልቱ ዞራ አላየችም፤ «አይርጠብብኝ ልጄ» ብቻ አለች።

የእድሩ ሰዎች ከማዶ አይተውን ኖሮ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ። የእድሩ ዳኛ አቶ ደቻሳ «መጀመሪያ እሱን» አሉ። ሳጥኑን በትከሻቸው አነሱ፤ ውሃው ጭናቸው ድረስ ነው። መሃል ላይ አንዱ አዳለጠውና ሁሉም ተንገዳገዱ። ያገኙት ደረቅ ቦታ የምሰሶው መሠረት ብቻ ነበር፤ እዚያ አሳረፉት። እንደሚታወቀው አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በየመንገዱ እያረፈ ፍትሐት ይደረግለታል። ከእድርተኛው ጋር የወረዱት ቄስ ከዳር ሆነው ይህንን አዩና «አርፏል፤ እዚሁ እንጀምርለት» አሉ። ቆመን ጸለይን። ደሜ እየፈላ ነው የጸለይኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሳጥኑን አንስተው ማዶ አደረሱት፤ እትዬ ጫልቱንም አቶ ደቻሳ በጀርባቸው አዝለው አሻገሯት። መኪናው ቀረ። እድርተኞቹ የለቅሶውን ድንኳን አፍርሰው ገመዱን አመጡልን፤ ለቀስተኛው ካፊያ ላይ ቀረ፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። በላይ ገመዱን እያሰረ ሳለ ድንገት ቀና አለ። «የፊት ጎማዎቹን አልቆለፍኳቸውም» አለ። ለካ ያ ፎር ዊል የተባለ ነገር መሥራት የሚጀምረው ወርዶ፣ የፊት ጎማዎቹ መሃል ያለችውን መቆለፊያ በእጅ ሲያዞሩ ነው። አስፋልት ላይ ማን ትዝ ይለዋል? ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ቆለፋቸው፤ እኛም ሳብን፤ ወጣ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሲያለቅስ አየሁትና ተውኩት።

ከቀብር መልስ

ጋሽ ቱሉ ቤቱ ገብቶ፣ ተለቅሶለት፣ በሰዓቱ ተቀበረ። ንፍሮ እየቆረጠምን ሳለ ያኔ መሬቱን የተረከበው የመንገድ ሥራ ሰውዬ ሊያጽናና መጣ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ። ድልድዩም በቅርቡ…» ሲል እትዬ ጫልቱ አቋረጠችው።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም? ድልድዩን ተዉት ልጄ። መሬቴን መልሱልኝ፤ ገብስ ልዝራበት።»



ማታ ጎፋ ገብቼ ሱሪዬን ሳጥብ ጭቃው አልለቅ አለኝ። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ቃል የሰጠን ሰው ካልጠየቁት ቃሉ እንደዚያ ብረት ቆሞ ይዝጋል። ሰኞ ከእትዬ ጫልቱ ጋር የመንገድ ሥራው ቢሮ ደጃፍ እንቆማለን። ያ ድልድይ እስከ ዛሬ የተሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ሬሳውን።